ከጠገራ ብር እስከ ስልክ ፎቶ፦ የጅማ ጌጥ ታሪክ

ጅማ ውስጥ ወርቅ ቤት ገብቶ ጥቂት የቆመ ሰው የዘመኑ ትዕዛዝ እንዴት እንደሚሰጥ ማየቱ አይቀርም። እናትና ልጅ አብረው ይገባሉ። ልጅቱ ስልኳን አውጥታ የመስታወቱ ሣጥን ላይ ታስቀምጥና ምስሉን በሁለት ጣቷ ሰፋ አድርጋ «ልክ እንደዚህ ይሁንልኝ ጋሼ» ትላለች። ወርቅ ሠሪው አጎንብሶ ያያል። ፎቶው ዱባይ ወይም ጂዳ ሱቅ ውስጥ የተነሣ ሐብል ሊሆን ይችላል፤ አዲስ አበባ ለተዳረች ዘመድ የተሠራም ሊሆን ይችላል። አንዳንዴ ግን ስልኩ ላይ ያለው የፎቶ ፎቶ ነው፦ ሳሎን ግድግዳ ላይ ተሰቅሎ የከረመ፣ ጠርዙ ቢጫ ያለ፣ አያት በወጣትነታቸው ድሪያቸውን አጥልቀው የተነሡት። የመጀመሪያው ዓይነት ትዕዛዝ ቀላል ነው። ሁለተኛው ግን ያስቸግራል፤ ድሪው የት እንዳለ ቢጠየቅ መልሱ ወይ «ተሸጧል» ወይ «ቀልጧል» ነውና።

ከፎቶ ላይ ጌጥ መሥራት የስልክ ዘመን ልማድ ይመስላል። በጅማና በዙሪያዋ ባሉ የቡና ከተሞች ግን ምስልና ጌጥ የተገናኙት ካሜራ ከመምጣቱ በፊት ነው። የመጀመሪያው ምስል ብር ላይ የተቀረጸ የአንዲት አውሮፓዊት ንግሥት ፊት ነበር።

ማሪያ ቴሬዛ የኦስትሪያ ገዥ ነበረች፤ የሞተችው በ1780 ነው (እዚህ ጽሑፍ ውስጥ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ ጎርጎርዮስ አቆጣጠር ናቸው)። ከሞተች በኋላም የ1780 ዓመት እንደታተመበት ሳንቲሟ መመታቱን ቀጠለ። እኛ ማርትሬዛ ወይም ጠገራ ብር የምንለው ይኸው ነው። ክብደቱ 28 ግራም ከትንሽ ነገር፣ ስፋቱ 40 ሚሊ ሜትር ገደማ፣ ከስድስቱ እጅ አምስቱ ብር፣ ቀሪው መዳብ ነው። በአንድ ወገኑ ሻሽ የለበሰች ወይዘሮ በጎን ትታያለች፤ ራሷ ላይ ባለ ሉል ጌጥ፣ ትከሻዋ ላይ ደግሞ ዙሪያውን ሉል የተደረደረበት የልብስ መርፌ አለ። በሌላው ወገን ባለ ሁለት ራስ ንስር ተቀርጿል።

የኢትዮጵያ ነጋዴ ይህን ሳንቲም ሲቀበል ዝም ብሎ አይቀበልም ነበር። ድምፁን ያዳምጣል፣ የፊቱን መልክ ያያል፣ ከሥሩ ያሉትን ሁለት የላቲን ፊደላት ይፈልጋል። ከዚያ ሉሎቹን ይቆጥራል። በራስ ጌጧ ላይ ሰባት፣ በትከሻዋ መርፌ ላይ ዘጠኝ ሉል በግልጽ ካልታየ ሳንቲሙ ያለቀ ወይም የተጭበረበረ ነው ተብሎ ይመለሳል። ነገሩ ሲታሰብ ያስገርማል። አገር ሙሉ ሰው የአንዲት የማያውቃት ሴት ጌጥ በምስል እያየ እየቆጠረ ነበር የሚገበያየው። ከዚያም ያንኑ ሳንቲም ለአንጥረኛ ይሰጥና ለሚስቱ ወይም ለልጁ ሌላ ጌጥ ያሠራበታል። የንግሥቲቱ ፊት ቀልጦ የጅማ ሴት አምባር ይሆናል።

ብሩ በምን መንገድ መጣ ቢባል መልሱ የሂርማታ ገበያ ነው። የጅማ መንግሥት ከአምስቱ የጊቤ መንግሥታት አንዱ ነው፤ ሌሎቹ ሊሙ እናርያ፣ ጎማ፣ ጉማና ጌራ ናቸው። ጅማን በ19ኛው መቶ ዘመን የመጀመሪያ አጋማሽ አባ ጅፋር ቀዳማዊ አቋቋሙት፤ ከ1878 እስከ 1932 ደግሞ አባ ጅፋር ዳግማዊ ገዙት። ቤተ መንግሥታቸው ጅሬን ኮረብታ ላይ፣ ገበያቸው ታች ሂርማታ ላይ ነበር። የሂርማታ የሐሙስ ገበያ በደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ትልቁ ተብሎ የተጻፈለት ነው። አፍቀላ የሚባሉት የኦሮሞ ነጋዴዎችና ጀበርቲዎች ከጎጃም፣ ከሸዋና ከከፋ እየመጡ ይገናኙበታል። ቡና፣ ዝባድ፣ የዝሆን ጥርስ፣ ማር፣ ኮረሪማ ከዚያ ይወጣል፤ ጠገራ ብር፣ ጨርቅና አሞሌ ጨው ይገባል።

ሰውም ይሸጥበት ነበር። ይህን ትቶ ስለ ብር ጌጥ ውበት ብቻ ማውራት አይቻልም። በጊቤ አገሮች የገባው ጠገራ ብር ሁሉ የቡናና የዝባድ ዋጋ አልነበረም፤ ከፊሉ ከከፋና ከአካባቢው ተይዘው በሂርማታ በኩል ያለፉ ሰዎች ዋጋ ነው። አንጥረኛው ሳንቲሙ ከየት እንደመጣ አይጠይቅም፤ ሳንቲሙም አይናገርም።

ወርቅ ግን ሌላ ታሪክ አለው። በጊቤ መንግሥታት ወርቅ ያለው ሁሉ የሚያጌጥበት አልነበረም፤ የወርቅ አምባር የንጉሥ ምልክት ነበር፣ ሌላው ሰው የሚያደርገው ንጉሡ ሲሸልመው ነው። ከጎጀብ ወንዝ ማዶ በከፋም ነገሩ ተመሳሳይ ነበር፤ የከፋ ነገሥታት ዘውድ በወርቅና በብር የተሠራ ነበር፤ በ1897 የመጨረሻው ንጉሥ ጋኪ ሸሮቾ ሲማረኩ ዘውዱ ዐፄ ምኒልክ እጅ ገባ። ስዊዘርላንዳዊው የምኒልክ አማካሪ አልፍሬድ ኢልግ ወደ አገሩ ወስዶት ከግማሽ መቶ ዘመን ያህል በኋላ ለዐፄ ኃይለ ሥላሴ ተመለሰ። ስለዚህ በጅማ ዙሪያ ተራው ሰው ያጌጠው በብር ነው። ባለጸጋው ብዙ ብር፣ ድሃው ጥቂት ብር ወይም ናስ አደረገ፤ ወርቅ በየሰርጉ የሚታይ ነገር የሆነው ከነገሥታቱ በኋላ ነው።

ጅማ ራሷም በብር ሥራ ስም ነበራት። አባ ጅፋር ዳግማዊ ለምኒልክ ከላኳቸው ስጦታዎች መካከል ዝባድ የሞላባቸው የቀርከሃ ዕቃዎች፣ የጅማ ማር፣ የጅማ ሸማ፣ ጦርና ከእንጨት የተፈለፈሉ በርጩማዎች ይገኙባቸዋል፤ ከእነዚህ ጋር በብር ዝርግ ያጌጡ ጋሻዎች ተቆጥረዋል። የጅማ በርጩማ ዛሬም ስሙ አለ። ጋሻውን በብር የለበጠው ሰው ግን ማን እንደሆነ ማንም አልጻፈም። ብረት ቀጥቃጩን በኦሮምኛ ጡምቱ ይሉታል፤ ማረሻውን፣ ጦሩንና ቢላዋውን ሠርቶ ሕዝቡን የሚያኖር ሰው ሆኖ ሳለ ከገበሬው ጋር አይጋባም፣ ዓይኑም ይፈራ ነበር። ብር የሚያቀልጠውም ሰው ከዚህ ንቀት ብዙ አላመለጠም። ጌጡ አንገት ላይ ሲከበር ሠሪው ከደጅ ይቀመጥ ነበር።

ሥራው እንዲህ ነው። ሴትዮዋ ጠገራዎቿን ቆጥራ ታመጣለች። አንጥረኛው ይመዝናል፤ መመዘኛው ራሱ ጠገራ ነው፣ የወርቅ ወቄትም ከአንድ ጠገራ ክብደት ጋር ይተካከል ነበር። ሳንቲሙን ቆራርጦ በሸክላ መቅለጫ ውስጥ ይከታል፣ ከሰሉን በወናፍ ያነዳል። ንጹሕ ብር በ962 ዲግሪ ይቀልጣል፤ መዳብ ያለበት ማርትሬዛ ከዚያ ባነሰ ሙቀት ይፈሳል፣ ሲበርድም ጠንከር ይላል። ለእጅ አምባርና ለእግር አልቦ ይህ ጥንካሬ ጥሩ ነው። የቀለጠው ብር በሻጋታ ፈስሶ ዘንግ ይሆናል። ዘንጉ ይቀጠቀጣል፤ ሲደርቅ እንደገና እሳት ይነካዋል፤ ከዚያ በብረት ሰሌዳ ላይ ባሉ እየጠበቡ በሚሄዱ ቀዳዳዎች በጉጠት እየተሳበ ይቀጥናል። ሁለት ቀጭን ሽቦ አንድ ላይ ይገመድና በመዶሻ ሲደፈጠጥ ጠርዙ እንደ ጥርስ ይሆናል። ያንን እየጠቀለሉ፣ እየቆለመሙ በዝርግ ብር ላይ መበየድ የአንጥረኛው የመጨረሻ ጥበብ ነው። ብናኙ እንኳ አይጣልም፤ ተጠርጎ ተመልሶ ይቀልጣል። ጌጡ ሲያልቅ ይመዘንና ካመጣችው ጋር ይተያያል፤ ልዩነቱ ላይ መጣላት የተለመደ ነው።

ከዚህ ሁሉ የሚወጡት ጌጦች የአንገት ድሪ፣ ጉትቻ፣ ሎቲ፣ ቀለበት፣ አምባርና አልቦ ናቸው። ጅማ የእስልምና አገር በመሆኗ ክታብ የሚቀመጥበት የብር ቀፎም አለ፤ አንዳንዱ ድቡልቡልና ረዥም፣ አንዳንዱ አራት ማዕዘን ነው፣ ከሥሩ ትንንሽ ሰንሰለቶች ይንጠለጠላሉ። በብዙዎቹ የአንገት ጌጦች መካከል ደግሞ ሳይቀልጥ የቀረ አንድ ወይም ሁለት ሙሉ ጠገራ ብር ቀለበት ተበይዶለት ይሰቀላል። ይህን ሙሉ ጠገራ አንባቢ በልቡ ይያዝልን፤ ከታች ይጠቅመናል።

ካሜራ ወደ ኢትዮጵያ የገባው በጦር ጭምር ነው፤ በ1868 መቅደላ የዘመቱት የእንግሊዝ መሐንዲሶች ፎቶ አንሺዎች ይዘው መጥተዋል። አዲስ አበባ ላይ ደግሞ አርመኖች ሁለቱንም ሙያ ይዘው መጡ። ዲክራን ኢበያን የተባለው አርመናዊ ወርቅ ሠሪ ለቤተ መንግሥቱ ዘውድ ሠራ፤ በ1905 የመጣው ቤድሮስ ቦያጂያን የምኒልክ ፎቶ አንሺ ሆነ፣ ልጆቹ ሃይጋዝና ቶኒም ሙያውን ቀጠሉ። አንዱ አርመናዊ የሠራውን ዘውድ ሌላው አርመናዊ ፎቶ አነሣው ማለት ይቻላል።

ወደ ጅማና ከፋ ካሜራ ይዘው የዘለቁት በአብዛኛው ተጓዦች ናቸው። ኦስትሪያዊው ፍሪድሪክ ዩልዩስ ቢበር በ1905 ከፋ ደርሶ የጻፈው ባለ ሁለት ቅጽ መጽሐፍ በ1920 እና በ1923 ታተመ። ስዊዘርላንዳዊው ሐኪም ጆርጅ ሞንታንዶን ከ1909 ጀምሮ እስከ ጊሚራ ተጉዞ በ1913 መጽሐፉን አወጣ። ጀርመናዊው ማክስ ግሩል በ1920ዎቹ አጋማሽ ከፋ ገባ። በ1934 እና በ1935 ከፍራንክፈርት የፍሮቤኒየስ ተቋም የመጡ ተመራማሪዎች ደቡብ ኢትዮጵያን ዞረው ሥዕልና ፎቶ ይዘው ተመለሱ። ከዚያ ጣሊያን መጣ። በ1936 ጅማን «ጋላና ሲዳሞ» ላለው ግዛቱ ዋና ከተማ አደረጋት፤ ዛሬ የጅማ መሃል የሚባለውን የሂርማታን ወገን በአዲስ ፕላን ሠራው፤ የመንግሥቱ የፊልም ተቋም የሉቼ ካሜራዎችም አብረው ነበሩ። ይኸው ጣሊያን ለወረራው ብሎ በ1935 የማርትሬዛን ማተሚያ ከኦስትሪያ አስፈቅዶ ሮም ላይ ጠገራ ብር መምታት ጀምሮ ነበር፤ የኢትዮጵያ ገበሬ የወረቀት ገንዘብ እንደማይቀበል ያውቅ ነበርና። ስለዚህ ከዚያ ዘመን በኋላ የተሠራ የብር ጌጥ ሁሉ ብሩ ከቪየና ነው ብሎ መማል አይቻልም፤ ሮም ወይም ለንደን የተመታ ሊሆን ይችላል።

እነዚህ ፎቶዎች ለዛሬ አንጥረኛ ምን ይጠቅሙታል? እዚህ ላይ ቆም ብሎ ማየት ያስፈልጋል፤ ብዙ ሰው ፎቶ ሁሉን ያሳያል ብሎ ያምናል፣ ወርቅ ሠሪ ግን አያምንም።

ፎቶ ክብደት አያሳይም። ድቡልቡሉ የክታብ ቀፎ ውስጡ ባዶ ይሁን ድፍን ከፊት አይታወቅም፤ በአንዱና በሌላው መካከል ግን የብዙ ጠገራ ልዩነት አለ። ፎቶ ጀርባ አያሳይም፤ መንጠቆው እንዴት እንደሚዘጋ፣ ብየዳው የት እንደሆነ፣ ሠሪው የት ላይ እንደቸኮለ የሚታወቀው በጀርባ ነው። ቀለምንም ያሳስታል። የጥንቶቹ የፎቶ መስታወቶች በሰማያዊ ብርሃን እንጂ በቢጫና በቀይ ብዙም አይነኩም ነበር፤ በዚህ የተነሣ ነጩ ብር ደምቆ ሲወጣ ቢጫው ወርቅና ናስ ጠቆር ብለው ይወጣሉ። በ1905 ፎቶ ላይ ጠቆር ያለ አምባር ያየ ሰው «ብረት ነው» ብሎ ሊያልፈው ይችላል፤ ምናልባት የባላባት ወርቅ ነው።

መጠን ግን ሊታወቅ ይችላል፤ ያ ሳይቀልጥ የቀረ ጠገራ እዚህ ነው የሚጠቅመው። የማርትሬዛ ስፋት የትም አገር ይመታ የት ያው 40 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው። በፎቶው ላይ ጠገራው 4 ሚሊ ሜትር ሆኖ ከታየ ፎቶው እውነተኛውን ዕቃ አሥር እጅ አሳንሶታል ማለት ነው። እንግዲያው ከጎኑ 9 ሚሊ ሜትር የሚለካው የክታብ ቀፎ ዘጠኝ ሴንቲ ሜትር ነው፤ ፀጉር የሚያህለው ሰንሰለትም ስፋቱ ይሰላል። ጠገራው ዘንበል ብሎ ከሆነ ሞላላ ይሆናል፤ ያን ጊዜ የሚለካው ረዥሙ ወገን ነው። አንድ አንጥረኛ በማስመሪያና በአጉሊ መነጽር ብቻ ከመቶ ዓመት በፊት የተነሣን ድሪ ልክ ወረቀት ላይ ማውጣት ይችላል። ገንዘብ ሆኖ የመጣው፣ መመዘኛ ሆኖ የኖረው ሳንቲም በመጨረሻ ማስመሪያም ሆነ።

ከፎቶዎቹ ጋር አንድ ሌላ ችግር ይመጣል። ተጓዡ የአባ ጅፋርን ስም ይጽፋል፤ የባላባቱን ስም ይጽፋል። የሴቲቱን ስም አይጽፍም። ከፎቶው ሥር ከየት አገርና ከየትኛው ሕዝብ እንደሆነች ብቻ ተጽፎ ይገኛል፤ አንገቷ ላይ ያለው ጌጥ ግን ከፊቷ ይልቅ በጥንቃቄ የተነሣበት ጊዜ ብዙ ነው። ፎቶ አንሺው ሴቲቱን ለጌጡ ማንጠልጠያ አድርጓታል ቢባል ማጋነን አይሆንም። ዛሬ በእንዲህ ያለ ፎቶ መነሻነት ጌጥ የሚሠራ ሰው ይህን ማወቅ አለበት።

ከጣሊያን መውጣት በኋላ ካሜራው የተጓዥ መሆኑ ቀረና የከተማው ሆነ። ፎቶ ቤት ተከፈተ፤ ቀለም የተቀባ መጋረጃ፣ ወንበር፣ የፕላስቲክ አበባ። ቡና ተለቅሞ፣ ደርቆ፣ ተሽጦ ከጥቅምት እስከ ጥር ገንዘብ በእጅ ሲገባ ሰርግም፣ ወርቅ ቤትም፣ ፎቶ ቤትም በአንድ ወቅት ይሞላል። አጋሮ፣ ሊሙ ገነት፣ ጌራ፣ ሰቃ ያለ ቤተሰብ ጅማ ወርዶ ጌጡን ያሠራል፣ ጌጡን አድርጎ ይነሣል። የራሷ የሌላት የጎረቤቷን ሐብል ተውሳ ትነሣለች፤ ስለዚህ የአያት ፎቶ ላይ ያለ ወርቅ ሁሉ የአያት ወርቅ ነበር ማለት አይደለም።

የገንዘቡም ዘመን ተለወጠ። በ1945 አዲሱ የኢትዮጵያ ገንዘብ ወጣ፤ ጠገራው ከገበያ ቀስ በቀስ ወጥቶ ሙሉ በሙሉ የጌጥ ጥሬ ዕቃ ሆነ። ከአዲሱ ገንዘብ ጋር የወጣው የ50 ሣንቲም ብርም ብዙው የሄደው ወደ መቅለጫ ነው። ብሩ ራሱም ክብሩ ቀነሰ፤ ወርቅ የንጉሥ መሆኑ ቀርቶ የቡና ገንዘብ ያለው ሁሉ የሚገዛው ሆነ። ሐጅ ደርሶ የሚመለስ ሰው የዓረብ አገር ወርቅ ይዞ ይመጣል፤ ኋላ ላይ ደግሞ ለሥራ ዓረብ አገር የሄዱት ልጆች ይልካሉ። 21 ካራት የሚባለው፣ ከመቶው 87.5 እጅ ንጹሕ ወርቅ የሆነው፣ ቢጫው ደማቅ ወርቅ በዚህ መንገድ ለመደ። 75 እጁ ወርቅ የሆነው 18 ካራት ጠንካራ ስለሆነ ለፈርጥ ይሻላል፤ ገዢዋ ግን ብዙ ጊዜ የምትጠይቀው ደማቁን ነው፣ ቡና በረከሰ ዓመት ሲሸጥ ዋጋውን ይይዛልና። የብራዚል ቡና በ1975 በውርጭ ሲመታ የዓለም ዋጋ ሰማይ ነካ፤ የቡና አገሮች የዋጋ ስምምነት በ1989 ሲፈርስ ደግሞ ወደቀ። በእነዚህ መውጣትና መውረድ መካከል ጌጥ እየተሠራም እየቀለጠም ኖሯል። የአያት ድሪ የጠፋው በሌባ ሳይሆን በአብዛኛው በዚህ ነው።

በዓለም ላይ ፎቶንና ጌጥን ማገናኘት የራሱ ታሪክ አለው። ፈረንሳዊው ዳጌር የፎቶ ጥበቡን በ1839 ይፋ ካደረገ ብዙም ሳይቆይ አውሮፓውያን የሟች ዘመድ ፎቶ በወርቅ ማንጠልጠያ ውስጥ አስገብተው አንገታቸው ላይ ማድረግ ጀመሩ። በኛ ዘመን ሆላንዳዊው ኻይስ ባከር በ1982 የጤዛ ጠብታ ያረፈበትን ነገር ትልቅ ፎቶ በፕላስቲክ አሽጎ የአንገት ጌጥ አደረገው። ጀርመናዊቷ ቤቲና ሽፔክነር የጥንት ፎቶዎችን በብርና በፈርጥ ከብባ የልብስ መርፌ ትሠራለች። እነዚህ ሥራዎች ለሙዚየም የሚገቡ ናቸው፤ በጅማ ገበያ የሚሄድ ነገር አይደለም። እዚህ ሰው የፎቶውን ወረቀት ሳይሆን በፎቶው ውስጥ ያለውን ጌጥ ነው መልሶ የሚፈልገው። በኔ ግምት የጅማው ፍላጎት ከአውሮፓው የበለጠ ከባድ ነው፤ ፎቶን በብር ክፈፍ ማሳመር የአንድ ሰው ሐሳብ ይበቃዋል፣ የጠፋ ድሪን ከፎቶ ማስነሣት ግን የእጅ ሙያውም በሕይወት መኖር አለበት።

እሱ ነው የሚያሰጋው። የተገመደ ሽቦ እየቆለመመ የሚበይድ እጅ እየቀነሰ ነው፤ ማሽን የሠራው ሰንሰለት በጥቅል ይመጣል፣ የሻጋታ ጉትቻ በደርዘን ይወጣል። የብር ሙሉ መንግሥቱን ወርቅ ወሰደው፤ ከሐምሌ 2024 ወዲህ ደግሞ የምንዛሪው ለውጥና የዓለም ገበያ ተረዳድተው ወርቁን ራሱን ከብዙ ሰው እጅ አራቁት። ይህ ግን ለብር መልካም አጋጣሚ ሊሆን ይችላል። 30 ግራም ወርቅ መግዛት ያቃታት ሙሽራ የአያቷን ዓይነት የብር ድሪ ብታሠራ የሚያሳፍር ነገር የለበትም። ለዚያ የሚሆነው ሥዕል ደግሞ አለ። የፍሮቤኒየስ ተቋም የፎቶ መዝገብ በኢንተርኔት ይታያል። አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ያለው፣ በ1963 የተቋቋመው የኢትዮጵያ ጥናት ተቋም ሙዚየምና የፎቶ ስብስብ አለው። ሪቻርድ ፓንክኸርስትና ዴኒ ጄራር ከ1867 እስከ 1935 የተነሡ የኢትዮጵያ ፎቶዎችን ሰብስበው በ1996 በመጽሐፍ አውጥተዋል። ጅማ ራሷ የአባ ጅፋርን ዕቃዎች የያዘ ሙዚየም አላት። «ቪንቴጅ አዲስ አበባ» የተሰኘው የወጣቶች ሥራ ከሰው ቤት የወጡ የቤተሰብ ፎቶዎች ምን ያህል ሀብት እንደሆኑ ለዋና ከተማው አሳይቷል፤ ጅማ፣ አጋሮና ቦንጋ ይህን የመሰለ ሥራ ይገባቸዋል።

እስከዚያው ቤቱ ውስጥ አሮጌ ፎቶ ያለው ሰው ዛሬውኑ ሊያደርገው የሚችል ነገር አለ። ከፎቶው ጀርባ የሴቲቱን ስም፣ ቦታውንና ዓመቱን በእርሳስ ይጻፍ፤ ጌጡ የራሷ ይሁን የውሰት የሚያውቁ አረጋውያን ሳሉ ይጠይቅ። አሮጌ ጌጥ ወደ ወርቅ ቤት ለማቅለጥ የሚወስድም ሰው እሳት ሳይነካው በፊት አንድ ነገር ያድርግ፦ ፊቱንም ጀርባውንም፣ መንጠቆውንም ጭምር፣ ከጎኑ ማስመሪያ አስቀምጦ በስልኩ ያንሣው፤ ክብደቱን በግራም አስመዝኖ አብሮ ይጻፍ።